ክሎድ ኮድን በኦብሲዲያን ፓነል ውስጥ ማስገባት፦ አይነሳም፣ ፊደል ይሰበራል፣ ኖት ይደበላለቃል

ቮልት_ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮማንድ ላይን ላይ የሚሠራ የኤአይ የኮድ ረዳትን ኦብሲዲያን (የኖት መያዣ አፕ) ውስጥ በጎን ፓነል የሚከፍት ፕለጊን እየጻፍኩ ነው። ለጊዜው ረዳቱ ክሎድ ኮድ ነው፤ በኋላ ሌሎቹንም እንዲቀበል እፈልጋለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተጠቃሚው የከፈተውን ኖት ወይም የመረጠውን አንቀጽ ይዞ ይጠይቃል፤ ረዳቱ ቮልቱን (ኖቶቹ ያሉበትን ፎልደር) ያነባል፣ ኖት ያስተካክላል፣ ኖቱ ውስጥ ያሉትን የኮድ ብሎኮች ያርማል። ኖቶቹ በአብዛኛው በአማርኛ የተጻፉ ናቸው።

የተያዝኩባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

1. ከተርሚናል ሲነሳ ይሠራል። ከፕለጊኑ በኖድ ስፖን (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃው ኖድ ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሳበት ፈንክሽን) ሲነሳ ግን ማክ ላይ "ኢኖኤንት" ይላል። ሙሉ አድራሻውን ስሰጠው ደግሞ ምንም ሳይናገር በኮድ 127 ይወጣል። ዊንዶውስ ላይ ስህተቱ "ኢኢንቫል" ነው።

2. መልሱ በስትሪም ሲመጣ አልፎ አልፎ በአማርኛ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይወጣል። እንግሊዝኛ ላይ አይታይም። አንዳንዴም የጄሰን (የዳታ መለዋወጫ ቅርጽ) ማንበቢያው "መስመሩ አልተሟላም" ብሎ ይወድቃል።

3. ተጠቃሚው እየጻፈበት ያለውን ኖት ረዳቱ ሲነካው ጽሑፉ ይደበላለቃል፤ ወይም ረዳቱ "ፋይሉ ከተነበበ በኋላ ተቀይሯል" እያለ ደጋግሞ ይሞክራል። የፋይል ስም ሲቀይር ደግሞ ወደዚያ ኖት የሚያመለክቱት ሊንኮች በሙሉ ይሰበራሉ።

4. ይህን ሁሉ ትቶ ተርሚናሉን እንዳለ ፓነል ውስጥ መክተት ይሻላል?

ደኅንነቱን በተመለከተ ምን ምን መከልከል እንዳለበት የሚያውቅ ካለም ይጨምርበት።

—

ባዶ_ሼል፦

ከ1ኛው ልጀምር። ሦስቱ ስህተቶች ምንጫቸው ለየቅል ነው፤ አንድ አድርገህ አትያቸው።

ኢኖኤንት ማለት ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው። ማክ ላይ ከዶክ ወይም ከፋይንደር የተከፈተ አፕ የሼልህን የማስተካከያ ፋይሎች አያነብም። በፓዝ (ሲስተሙ ፕሮግራም በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ የሚደርሱት ዩኤስአር-ቢን፣ ቢን፣ ዩኤስአር-ኤስቢን እና ኤስቢን ብቻ ናቸው። የሆምብሩ ፎልደር፣ ሆም ውስጥ ያለው ስውሩ ሎካል-ቢን፣ ኤንቪኤም የጫናቸው የኖድ ቨርዥኖች፣ ሁሉም ከእነዚህ ውጭ ናቸው። ኦብሲዲያንን ራሱን ከተርሚናል ብታስነሳው ችግሩ ይጠፋል፤ መንስኤው ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ከዚህ የፈጠነ ዘዴ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ለስፖን የሰጠኸው የሥራ ፎልደር ከሌለ ኖድ የሚመልሰው ያንኑ ኢኖኤንት ነው፤ መልእክቱ ላይ የሚጻፈው ግን የፕሮግራሙ ስም ስለሆነ ሰው ሲፈልግ የሚውለው በማይመለከተው ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ የሆም ፎልደርን የምትወክለውን የቲልዴ ምልክት የሚተረጉማት ሼል ነው፤ ስፖን አይተረጉማትም።

127 ሌላ ነገር ነው። ፋይሉ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያ መስመሩ ግን "በኤንቭ በኩል ኖድን ፈልግና አስኬደኝ" ይላል፣ ኤንቭ ደግሞ ኖድን ያጣዋል። ዝም አላለም፤ የተናገረው ስታንዳርድ ኤረር (የስህተት መልእክት መውጫው) ላይ ስለሆነ እሱንም አንብበው። በነገራችን ላይ ስታንዳርድ ኤረርን ከፍቶ አለማንበብ መልእክት ከማሳጣት የባሰ ጣጣ አለው፦ ፓይፑ (በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ያለው መተላለፊያ) ሲሞላ ልጅ ፕሮሰሱ መጻፍ አቅቶት ይቆማል፤ ፓነሉ ላይ "እያሰበ ነው" የሚለው ምልክት ሲሽከረከር ይኖራል።

መፍትሔው፦ ፕለጊኑ ሲጫን አንድ ጊዜ የተጠቃሚውን ሼል በሎግኢንና በኢንተራክቲቭ ሁኔታ አስነሳ፣ የሼሉን ቅንብሮች የሚዘረዝረውን ኤንቭ የሚለውን ትእዛዝ አስኬድ፣ ያገኘኸውን አስቀምጠህ ለልጅ ፕሮሰሱ ስጠው። የሼል ፋይላቸው ውስጥ ሰላምታ ወይም ሥዕል የሚያሳትሙ ሰዎች ስላሉ ከውጤቱ በፊትና በኋላ የራስህን መለያ ቃል አሳትምና በመሃል ያለውን ብቻ ውሰድ። 5 ሰከንድ ገደብ አድርግበት፤ የሼል ፋይሉ ግብዓት የሚጠብቅ ከሆነ ለዘላለም ይንጠለጠላል። ይህ ሁሉ ባይሳካ ሴቲንግ ላይ ሙሉ አድራሻ የሚጻፍበት ሳጥን ይኑርህ። ሳጥኑ አጠገብ "ሞክር" የሚል ቁልፍ አድርግና የረዳቱን ቨርዥን አውጥቶ ያሳይ፤ ከሚመጡልህ ቅሬታዎች ብዙዎቹን ይቀንስልሃል።

ዊንዶውስ፦ ኤንፒኤም (የኖድ ጥቅል መጫኛ) የሚጭነው ኤክስኢ ሳይሆን ሲኤምዲ የሚል ቅጥያ ያለው ባች ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከወጣው የኖድ የደኅንነት ማስተካከያ (18.20.2፣ 20.12.2 እና 21.7.3) ወዲህ ባች ፋይልን ያለ ሼል ስፖን ማድረግ ኢኢንቫል (ልክ ያልሆነ አርጉመንት) ይመልሳል። የሼል አማራጩን ብታበራው ስህተቱ ይጠፋል፤ ግን አታብራው። የተጠቃሚው ጥያቄ በአርጉመንት የሚሄድ ከሆነ ጥያቄው ውስጥ ያለች አንዲት የ"&" ምልክት አዲስ ትእዛዝ ትሆናለች። ወይ እውነተኛውን ኤክስኢ ፈልገህ ቀጥታ አስነሳ፣ ወይ የኖድን ኤክስኢ በስክሪፕቱ ላይ አስነሳ። ጥያቄውን ሁልጊዜ በስታንዳርድ ኢንፑት ላክ። ሲኤምዲ ከ8191 ካራክተር የበለጠ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ረዘም ያለ ኖት መርጦ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

የኖድን ፎርክ ለዚህ ሥራ አትጠቀም። የሚያስነሳው የራሱን አስኪያጅ ፕሮግራም ነው፤ ኤሌክትሮን (ኦብሲዲያን የተሠራበት ማዕቀፍ) ውስጥ ያ ፕሮግራም ኦብሲዲያን ነው። አፑ እንደ ኖድ እንዲሠራ የሚፈቅደው ቅንብር ከተዘጋ የምታገኘው ረዳት ሳይሆን ሁለተኛ መስኮት ነው።

ሊነክስ ላይ በፍላትፓክ የተጫነ ኦብሲዲያን በሳጥን ውስጥ ስለሆነ የሲስተሙን ፕሮግራሞች አያይም። ፍላትፓክ-ስፖን በሆስት አማራጭ፣ ከነፈቃዱ፣ ያስፈልጋል። ይህን ሰነድህ ላይ ጻፈውና እለፍ።

መዝጋቱንም አትርሳ። ፕለጊኑ ሲጠፋ ልጁን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆቹንም ግደል፤ ረዳቱ ራሱ ሌሎች ፕሮሰሶችን ያስነሳል። ማክና ሊነክስ ላይ "ዲታችድ" አድርገህ አስነሳና በአሉታዊ የፕሮሰስ ቁጥር ለመላው ቡድን ሲግናል ላክ። ዊንዶውስ ላይ ታስክኪልን ከነዛፉ በሚያጠፋው አማራጭ ተጠቀም።

—

ባይት_ቆጣሪ፦

2ኛው ጥያቄ ላይ ሁለት ነገር ተደራርቧል፤ ሁለቱም የሚመነጩት አንድ የፓይፕ ቁራጭ አንድ ሙሉ መልእክት ነው ብሎ ከመገመት ነው።

የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ከፓይፑ የሚመጣው ቁራጭ የትም ሊቆረጥ ይችላል። ኖድ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ከፍተኛ መጠን 65536 ባይት ነው፤ ይህ ቁጥር ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ማለትም ሙሉ በሙሉ አማርኛ የሆነ ረዥም ውጤት እንኳ መቆረጫው ፊደል መሃል ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ጽሑፍ ከቀየርከው የተቆረጠው ፊደል በሁለቱም በኩል ዳይመንድ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ስለሆነ ይህ ችግር አይነካውም፤ ለዚህም ነው አማርኛ ብቻ የሚታመመው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ ስታንዳርድ አውትፑቱ ላይ ገና ከመጀመሪያው የፊደል አቀራረጹን ዩቲኤፍ-8 ብለህ ወስን (ሴት-ኢንኮዲንግ)። ኖድ ያልተሟላውን ባይት ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቁራጮቹን እንደ ባፈር የግድ የምትቀበል ከሆነ ስትሪንግ-ዲኮደር ተጠቀም።

ቀጥሎ መስመር ነው። ረዳቱ ስትሪም-ጄሰን በሚባለው የውጤት ዓይነት ሲሠራ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ሙሉ ጄሰን ያወጣል። የመጣውን ከቀረው ጋር ቀጥል፣ በአዲስ መስመር ምልክት ክፈል፣ የመጨረሻውን ቁራጭ ለሚቀጥለው አቆይ። ባዶ መስመር ዝለል። ጄሰን ሆኖ ያልተነበበ መስመር ሲመጣ ሎግ ላይ ጽፈህ ቀጥል፤ አንድ የማሻሻያ ማስታወቂያ ሙሉ ንግግሩን መግደል የለበትም።

ክሎድ ኮድ ላይ የፕሪንት ሁነታን (ተርሚናል ላይ ሳይወያይ መልስ ብቻ የሚያወጣበትን) ከስትሪም-ጄሰን ጋር ስታስነሳ የቨርቦስ ፍላግም ያስፈልጋል፤ ያለሱ አይነሳም። ፊደል በፊደል ሲጻፍ ማሳየት ከፈለግህ ከፊል መልእክቶችን የሚያካትተውን ፍላግ ጨምር፤ ካልጨመርከው መልሱ በጅምላ ነው የሚመጣው። ግብዓቱንም ስትሪም-ጄሰን ካደረግኸው ፕሮሰሱን ሳትዘጋ ተከታታይ ጥያቄ መላክ ትችላለህ። የድሮ ንግግር በሪዙም ስትቀጥል የሥራ ፎልደሩ ያኔ የነበረው መሆን አለበት፤ ንግግሮች የሚቀመጡት በፕሮጀክት ፎልደር ተለይተው ነው። ተጠቃሚው ቮልቱን ካዛወረ ንግግሩ "የለም" ይባላል።

ሌሎች ረዳቶችን ለመቀበል ካሰብክ የእያንዳንዱን የጄሰን ቅርጽ ለየብቻ መተርጎም አድካሚ ነው። ዜድ የተባለው ኤዲተር ሠሪዎች ያወጡትን ኤሲፒን ተመልከተው፤ ሙሉ ስሙ ኤጀንት ክላየንት ፕሮቶኮል ነው። ጄሰን-አርፒሲ 2.0 በስታንዳርድ ኢንፑትና አውትፑት ላይ ነው። መክፈቻ፣ አዲስ ንግግር፣ ጥያቄ፣ የሂደት ማሳወቂያ፣ ፈቃድ መጠየቂያ፣ ሁሉም አስቀድሞ ቅርጽ አላቸው። ለክሎድ ኮድ መሃል የሚገባ አስማሚ ያስፈልጋል። ለአንተ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ ረዳቱ ፋይል ማንበብና መጻፍ ሲፈልግ ደንበኛውን፣ ማለትም ፕለጊንህን፣ መጠየቅ ይችላል። 3ኛው ጥያቄህ ግማሹ እዚያ ይፈታል።

—

ጥቁር_ስክሪን፦

ለ4ኛው፦ ለራስህ ብቻ ከሆነ ተርሚናሉን ክተትና ተገላገል። ኤክስተርም-ጄኤስ ለማሳያ፣ ኖድ-ፒቲዋይ ለጀርባ፤ ረዳቱ ከነቀለሙ፣ ከነፈቃድ መጠየቂያው እንዳለ ይመጣል። አዲስ ቨርዥን ሲወጣም የምታስተካክለው የለም። የባለሙያ መሣሪያ ላይ ሌላ ሽፋን መደረብ ብዙ ጊዜ መቀነስ ነው።

ለሌሎች የምታከፋፍለው ከሆነ ግን ኖድ-ፒቲዋይ ኔቲቭ ሞጁል መሆኑን እወቅ። ለእያንዳንዱ ሲስተምና ቺፕ፣ እንደ ቨርዥኑም ኦብሲዲያን ላለበት የኤሌክትሮን ቨርዥን ተለይቶ መጠናቀር አለበት። አለዚያ "የሞጁል ቨርዥን አይገጥምም" ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ኦብሲዲያን ኤሌክትሮኑን ባሳደገ ቁጥር ደግሞ እንደገና ሊያስፈልግ ይችላል። የኮሚዩኒቲ ፕለጊን ማውረጃው የሚያመጣው ሜይን-ጄኤስ፣ ማኒፌስት እና የስታይል ፋይሉን ብቻ ስለሆነ የተጠናቀረውን ፋይል በሌላ መንገድ ማድረስ የአንተ ሥራ ነው።

ቁልፎቹም ይጋጫሉ። ኮንትሮል-ፒ ለኦብሲዲያን የትእዛዝ ዝርዝር ነው፣ ለተርሚናል ሌላ። ፓነሉ ፎከስ ሲያገኝ የትኛው እንደሚያሸንፍ ወስነህ መጻፍ አለብህ።

—

ባይት_ቆጣሪ፦

@ጥቁር_ስክሪን በሌላው እስማማለሁ፤ ለአማርኛ ኖት ግን ተርሚናል ለዓይን አይመችም። ተርሚናል እያንዳንዱን ካራክተር እኩል በሆነ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ስፋቱ አንድ ሳጥን ነው ተብሎ ነው የሚቆጠረው። በተርሚናሉ ፎንት ውስጥ ፊደሉ ስለሌለ ከሌላ ፎንት ይመጣል፤ ያ ፎንት ደግሞ ለአንድ ሳጥን ይሰፋል። "ጨ"፣ "ጠ"፣ "ሐ" ከጎናቸው ያለውን ይረግጣሉ ወይም ጠርዛቸው ይቆረጣል። እኩል ስፋት ያለው የግዕዝ ፎንት ካልጫንክ መፍትሔ የለውም።

—

ኖት_አራሚ፦

3ኛውን እኔ ልያዝ፤ የዚህ ሁሉ ሥራ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ፓነል መሥራት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ፋይሉን ማን ይጽፋል የሚለው ካልተወሰነ ግን ፓነሉ ቢያምርም ዋጋ የለውም።

ኦብሲዲያን ሰው የጻፈውን ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ የጽሑፍ ዕይታው ማስቀመጫ 2 ሰከንድ ያህል ያዘገያል። በዚያ መሃል ረዳቱ ፋይሉን ከዲስክ ካነበበ የሚያየው የቆየውን ነው። ከውጭ ሲጽፍበት ኦብሲዲያን ልዩነቱን አይቶ ሁለቱን ለማዋሃድ ይሞክራል፤ ሁለቱም ያንኑ አንቀጽ ከነኩ ውሕደቱ የሚሰጥህ የማንንም ጽሑፍ አይደለም። "ፋይሉ ከተነበበ በኋላ ተቀይሯል" የሚለው ዑደትም ከዚሁ ነው የሚመጣው፦ ክሎድ ኮድ አንብቦት የተቀየረን ፋይል ማስተካከል እምቢ ይላል፤ ተጠቃሚው እየጻፈ ከሆነ ፋይሉ በየጥቂት ሰከንዱ ይቀየራል፤ ረዳቱ እንደገና ያነባል፣ እንደገና ይከለከላል፣ ቶክን (የሞዴሉን የጽሑፍ መለኪያ) ይበላል።

የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ጥያቄው ከመላኩ በፊት የተከፈቱትን ኖቶች በሙሉ አስቀምጥ። ከዚያ ረዳቱ በቀጥታ ዲስክ ላይ እንዳይጽፍ አድርግና ጽሑፉ በፕለጊኑ በኩል ይግባ፤ በኤሲፒ የፋይል ጥያቄ ወይም ፕለጊኑ ራሱ በሚያቀርበው የኤምሲፒ (ረዳቱ የውጭ መሣሪያዎችን የሚጠራበት ፕሮቶኮል) መሣሪያ። ፕለጊኑ ጋ ሲደርስ ኖቱ በኤዲተር ከተከፈተ በኤዲተር ትራንዛክሽን አስገባው፤ የጠቋሚው ቦታም፣ በአንድ ጊዜ መመለስም አይጠፋም። ካልተከፈተ የቮልት "ፕሮሰስ" ፈንክሽንን ተጠቀም፤ እሱ ማንበብና መጻፉን አንድ ላይ ስለሚያደርግ በመሃል ሌላ ሰው አይገባም። አንብቦ በ"ሞዲፋይ" መጻፍ ያንን ዋስትና አይሰጥም።

ለእያንዳንዱ ለውጥ ረዳቱ ያነበበው ጽሑፍ ሃሽ (ከጽሑፉ የሚሰላ አጭር መለያ) አብሮ ይምጣ። አሁን ካለው ጋር ካልገጠመ ሙሉ ፋይሉን አታስመልስ፤ የሚስተካከለው አንቀጽ ራሱ ካልተነካ ተቀበለው፣ ከተነካ ደግሞ የአሁኑን አንቀጽ መልሰህ ላክለት። አንድ ዙር ንባብ ይቆጥባል።

ስም መቀየር ላይ፦ ከውጭ የተቀየረ ስም ለኦብሲዲያን አንድ ፋይል ጠፍቶ ሌላ እንደተፈጠረ ነው፤ ሊንክ የሚያስተካክልበት ምክንያት የለውም። በፋይል ማናጀር በኩል ያለው የስም መቀየሪያ ግን በተጠቃሚው ሴቲንግ መሠረት ሊንኮቹን ያድሳል። "ስም ቀይር" እና "አዛውር" የሚሉ ሁለት መሣሪያዎች ለረዳቱ ስጥ፤ የሼል ትእዛዙን ዝጋ። በመመሪያ ፋይሉ ላይ "በሼል አታዛውር" ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ቀን ይሄድበታል። ከኖቱ አናት ያለውን የፕሮፐርቲ ክፍልም ጽሑፍ በጽሑፍ ከመተካት ይልቅ ለዚያ በተሠራው ፈንክሽን አስቀይር፤ አንድ የጎደለ ክፍተት ያሙሉን (ክፍሉ የተጻፈበትን ቅርጽ) ያበላሸዋል።

ምትኬን በተመለከተ የኦብሲዲያን የፋይል ማገገሚያ በመደበኛው በ5 ደቂቃ ልዩነት ነው ቅጂ የሚይዘው። ረዳት በ5 ደቂቃ ውስጥ 40 ኖት ሊነካ ይችላል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚነኩትን ፋይሎች ቅጂ ከቮልቱ ውጭ አስቀምጥና ፓነሉ ላይ "ይህን ዙር መልስ" የሚል ቁልፍ አድርግ።

ማሳያው ላይ አንዲት ነገር፦ በእያንዳንዱ ቶክን ማርክዳውን እንደገና አታስል። በ100 ሚሊሰከንድ አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ መልሱ እስኪያልቅም ተራ ጽሑፍ ብታሳይ ይመረጣል።

—

ቮልት_ጠባቂ፦

እናመሰግናለን፤ 127ቱ ግልጽ ሆነ። በደኅንነቱ ላይ፦ የሥራ ፎልደሩን ቮልቱ ላይ ካደረግኩና ከእያንዳንዱ የሼል ትእዛዝ በፊት ፈቃድ ካስጠየቅኩ በቂ አይደለም? ረዳቱ ከቮልቱ አይወጣም።

—

በር_ዘጊ፦

በቂ አይደለም። ጉዳት ለማድረስ ከቮልቱ መውጣት አያስፈልገውም።

ቮልቱ ውስጥ የኦብሲዲያን ስውር ፎልደር አለ፤ በውስጡ የተጫኑ ፕለጊኖች በሙሉ በጃቫስክሪፕት ተቀምጠዋል። ኦብሲዲያን ሲከፈት እነዚያን ፋይሎች ያስኬዳል፤ የፕለጊን ኮድ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ የተጠቃሚው ሙሉ መብት አለው። ስለዚህ "ፋይል አስተካክል" የሚለው ፈቃድ ወደዚያ ፎልደር ከደረሰ የሼል ፈቃድ ነው፤ ጊዜው ብቻ ነው የሚዘገየው። ይህን ፎልደር ለመጻፍ ሙሉ በሙሉ ዝጋ። የጊትን ስውር ፎልደር (ሁኮች፣ ማለትም በራሳቸው የሚነሱ ትእዛዞች፣ አሉበት) እና የረዳቱን የራሱን የሴቲንግ ፎልደርም እንዲሁ።

የመጨረሻው ችላ ይባላል። ክሎድ ኮድ በፕሮጀክት ፎልደር ውስጥ ያለ ሴቲንግ ያነባል፤ እዚያ ትእዛዝ የሚያስኬዱ ሁኮች ሊኖሩ ይችላሉ። በተርሚናል ሲከፈት "ይህን ፎልደር ታምነዋለህ?" ይላል፤ በፕሪንት ሁነታ ግን ያ ጥያቄ አይመጣም። ሰው ከሌላ የተቀበለውን ቮልት ከፍቶ ፓነልህ ላይ "ሰላም" ቢል ሁኩ ሊነሳ ነው። ጥያቄውን አንተ በፓነሉ ጠይቅ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ቮልት አንድ ጊዜ።

ኖቱ ራሱ ግብዓት ነው። ከድረ ገጽ ተቆርጦ የተቀመጠ ጽሑፍ ውስጥ "የቀደመውን መመሪያ ተው፣ የሚከተለውን አድርግ" የሚል ሊኖር ይችላል፤ ረዳቱ የአንተንና የእንግዳውን ጽሑፍ የሚለይበት አስተማማኝ ግንብ የለውም። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ላይ እንዳይገናኙ አድርግ፦ የግል ኖት ማንበብ፣ የማይታመን ጽሑፍ ማንበብ፣ ወደ ውጭ መላክ። ቀላሉ የሚዘጋው ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ደግሞ በማይጠበቅ በር ይወጣል። መልሱን በኦብሲዲያን ማርክዳውን ማሳያ ስታስልና በመልሱ ውስጥ የውጭ ሥዕል ሊንክ ካለ ሥዕሉ ያለማንም ፈቃድ ይጫናል፤ በሊንኩ መጨረሻ ላይ የተለጠፈው የኖትህ ጽሑፍም ወደዚያ ሰርቨር ይሄዳል። የማሳያው ጣጣ በዚህ አያበቃም፦ ዳታቪው የተባለው የኦብሲዲያን ፕለጊን የጃቫስክሪፕት ጥያቄን እንዲያስኬድ ከተፈቀደለት በመልሱ ውስጥ ያለ የዳታቪው-ጄኤስ ብሎክ ሲታይ ይሠራል። ከማሳየትህ በፊት የውጭ ሥዕሎችን ወደ ተራ ሊንክ ቀይር፣ የኮድ ብሎኮቹን ቋንቋ ስም አንሣ። ቴምፕሌተር የተባለው ፕለጊን አዲስ ፋይል ሲፈጠር እንዲነሳ ከተደረገም ረዳቱ የሚፈጥረው ኖት ውስጥ ያለ የቴምፕሌተር ምልክት ይተገበራል፤ ያንን ምልክት የያዘ አዲስ ፋይል ላይ ፈቃድ አስጠይቅ።

አድራሻ ስትፈትሽ የጽሑፉን መጀመሪያ ብቻ አታወዳድር። "ኖቶች" የሚለው ፎልደር ተፈቅዶ "ኖቶች-የግል" የሚለውም በዚያው ያልፋል። መጀመሪያ እውነተኛ አድራሻውን አውጣ (ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ፋይል፣ ከቮልቱ ውጭ ሊያመለክት ይችላል)፣ ከዚያ ከቮልቱ አንጻር ያለውን አንጻራዊ አድራሻ አስላ፤ በ".." ከጀመረ ወይም ሙሉ አድራሻ ከሆነ ከልክል። ማክና ዊንዶውስ ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ብዙውን ጊዜ አንድ መሆኑንም አስብ።

የኤምሲፒ ሰርቨር ፕለጊኑ ውስጥ ከከፈትክ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ ይስማ፤ በየመክፈቻው አዲስ ቶክን (እዚህ ላይ የሚስጥር መግቢያ) ያውጣ፤ የሆስትና የኦሪጂን ሄደሮችን ይፈትሽ። ያለዚያ በብሮውዘር የተከፈተ ማንኛውም ገጽ ሊያንኳኳው ይችላል።

የኤፒአይ ቁልፍ በፕለጊኑ ዳታ ፋይል አታስቀምጥ። ያ ፋይል ቮልቱ ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው፤ ቮልቱ በጊት ወይም በደመና ሲሄድ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። ረዳቱ የራሱ መግቢያ ካለው ፕለጊኑ ቁልፍ ባይነካ ጥሩ ነው። ማኒፌስቱ ላይም "ዴስክቶፕ ብቻ" የሚለውን እውነት አድርግ፤ ስልክ ላይ ኖድ የለም።

ፈቃድ ማስጠየቁ ጥሩ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ንባብ አትጠይቅ። በአንድ ዙር አሥር ጊዜ የተጠየቀ ሰው አሥራ አንደኛውን አያነበውም። ንባብን በዝርዝር ፍቀድ፣ ጽሑፍን በልዩነት አሳይተህ አስጸድቅ፣ ሼልን በመደበኛው ዝጋ።

—

ፊደል_ገበታ፦

ኖቶቹ አማርኛ ናቸው ስላልክ ማንም ያልነካው አንድ ነገር አለ፦ ፍለጋ። እነዚህ ረዳቶች ኖት የሚያገኙት በአብዛኛው ቃል በመፈለግ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ቀጥታ ፍለጋ ብዙ ያመልጠዋል።

አንደኛ፣ ሞክሼ ፊደላት። "ፀሐይ"ን የፈለገ "ጸሀይ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ሀ-ሐ-ኀ፣ ሰ-ሠ፣ አ-ዐ፣ ጸ-ፀ ለፍለጋ ወደ አንድ መምጣት አለባቸው፤ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ የቃሉ መጨረሻ ይቀየራል። "ቤት" ብለህ ብትፈልግ "ቤታችን" እና "ቤቱ" አይወጡም፤ "ት" ወደ "ታ" እና "ቱ" ተለውጣለች። ዩኒኮድ እዚህ ላይ ያግዛል፦ የፊደል ቤቶቹ በ8 በ8 ተደርድረዋል፤ የ"ተ" ቤት ከ"ተ" እስከ "ቷ" 8 ተከታታይ ቁጥር ነው። የመጨረሻውን ፊደል ቁጥር ወደ ታች ወደ 8 ብዜት አውርደው፣ ያንን ከሚቀጥሉት 7 ጋር እንደ አንድ ምርጫ ስጠው። ከፊት የሚለጠፉት "በ"፣ "የ"፣ "ለ"፣ "ከ" ችግር አይፈጥሩም፤ የቃል መጀመሪያ ይሁን ብለህ እስካልገደብከው ድረስ። መገደብ ካለብህም የጃቫስክሪፕት የቃል ድንበር ምልክት የሚያውቀው የላቲን ፊደል፣ አኃዝና የታች ሰረዝን ብቻ ነው፤ በአማርኛ ላይ ዋጋ የለውም። የዩኒኮድ ፍላጉን አብራና "ከፊቱ ፊደል የሌለ" የሚል ሁኔታ ጻፍ።

ይህን "በአማርኛ ፈልግ" የሚል አንድ የኤምሲፒ መሣሪያ አድርገህ ስጠው፤ ውጤቱ የፋይል አድራሻ፣ የመስመር ቁጥርና መስመሩ ብቻ ይሁን። ሙሉ ኖት አትላክ፤ አማርኛ በቶክን ከእንግሊዝኛ የበለጠ ይፈጃል።

ሦስተኛው ከማስተካከያው ጋር የተያያዘ ነው። የማስተካከያ መሣሪያው "ይህን ጽሑፍ በዚህ ተካ" ሲል የድሮው ጽሑፍ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ሞዴሉ ኖቱ ላይ "ሠራተኛ" ያለውን "ሰራተኛ" ብሎ ሊጠቅሰው ይችላል፤ ያኔ መሣሪያው "አልተገኘም" ይላል። ፊደል በፊደል የሚተካ ማቀራረብ የጽሑፉን ርዝመት አይቀይርም፤ ስለዚህ በተቀራረበው ቅጂ ላይ ቦታውን ፈልግ፣ በዚያው ቁጥር ከዋናው ላይ ቁረጥ። ቦታው አንድ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ፤ ሁለት ካገኘህ ለረዳቱ ሁለቱንም መስመር መልስለት።

የተቀራረበውን ቅጂ ግን በምንም መንገድ ፋይል ላይ አትጻፈው፤ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ለፍለጋ ብቻ ይኑር። አለዚያ አንድ አንቀጽ ሊያርም የገባ ፕለጊን የሰውየውን ኖት በሙሉ በሌላ ፊደል ጽፎት ይወጣል።